የሄክተር ማቲሰን የእሑድ ፈረቃ

በመንደራችን በባልኔሊ ሰው ሁሉ ጻድቅ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትንሽ ይጎድለው ይሆናል እንጂ፣ እሑድ ዕለት ተወዳዳሪ የለውም። እሑድ ልብስ አይሰጣም፣ ሣር አይታጨድም፣ የልጆቹ ዥዋዥዌ እንኳ በሰንሰለት ይታሰራል። ዶሮ እሑድ እንቁላል እንዳትጥል የሚያወግዝ ሽማግሌ እስካሁን አልተነሣም፤ ቢነሣ ግን በሙሉ ድምፅ እንመርጠው ነበር። እንግዲህ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከባሕሩ ሥር ነዳጅ ተገኘ ተብሎ፣ ትልቁ የብረት ግቢ የተተከለው በዚህ የጻድቃን መንደር ጥግ ነው።

ግቢው የሚሠራው የባሕር ላይ የነዳጅ መድረክ የሚቆምበትን እግር ነበር። እግር ስላችሁ የወንበር እግር እንዳይመስላችሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ማማ አምስት እጥፍ የሚረዝም፣ ቱቦ በቱቦ ላይ እየተበየደ የተሠራ የብረት ጉድ ነው። በደረቅ መሬት ላይ በጎኑ አስተኝተው ይሠሩታል፤ ሲያልቅ ውሃ ይለቁበትና ተንሳፍፎ፣ በመርከብ እየተጎተተ ወደ ሰሜን ባሕር ይሄዳል። በግ ሲጠብቅ የኖረ፣ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ፣ ምንም ሳይሠራ የኖረም ጭምር በስድስት ሳምንት ትምህርት በያጅ ተባለ። የግላስጎው መርከብ ሠሪዎች መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሄክተር ማቲሰን ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ትራክተር ሲጠግን ያደገ፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ቃል ለማውጣት ቀጠሮ የሚፈልግ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው መቼም አፈኛ ጓደኛ አያጣም፤ ባርኒ ራፈርቲን አገኘ። ባርኒ ከግላስጎው የመጣ፣ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ መርከብ የበየደ ካቶሊክ ነው። እኛ ዘንድ ካቶሊክ ማለት ከቱርክ ትንሽ የሚሻል ፍጡር ነበር፤ ያውም ደግነት በያዘን ቀን ነው። ባርኒ ግን ሄክተርን ወደደው፤ ቅጽል ስምም አወጣለት።

"ቄሱ፣" ይለዋል፣ "ብየዳህ ያምራል፤ ግን እየጸለይክበት ነው ወይስ እየበየድከው?"

ስለ ሥራው አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። እያንዳንዱ በያጅ የራሱ ቁጥር አለው። ጠዋት በር ላይ ቁጥሩ የተጻፈበትን የናስ ቁራጭ ከሰሌዳ አንሥቶ ይገባል። ብየዳውን ሲጨርስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር በብረት ማህተም ከብየዳው ጎን በመዶሻ ይመታዋል። ከዚያ ብየዳው ራጅ ይነሣል፤ ልክ እንደ ሳንባ። ውስጡ የታፈነ አየር ወይም ስንጥቅ ከተገኘ ቁጥሩ ይጠራና ባለቤቱ በሰው ፊት ፈልፍሎ እንደ አዲስ ይበይዳል። ስለዚህ ማህተም አይዋዋሱም። የጥርስ ብሩሽህን ብታውስ ይሻልሃል ይባል ነበር። የሄክተር ቁጥር 417፣ የባርኒ 233 ነው።

ሄክተር በዚያ ወራት ዶሊናን ሊያገባ ፈልጓል። ዶሊና ደግሞ የሽማግሌ ሩዋሪ ልጅ ናት፤ ሩዋሪ በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ሽማግሌዎች ሁሉ የከረረው። እሑድ ጫማውን እንኳ አያስርም፤ ቅዳሜ አስሮ ያድራል ብለው የሚያሙት ነበሩ። "ሰንበት ለሚሽር ሰው ልጅ አልድርም፤ ሥራ ለፈታም አልድርም" ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

በሃይማኖታችን እሑድ የሚፈቀደው ሥራ ሁለት ነው፤ የግድ የሆነና የምሕረት የሆነ። ላም መውለድ ቢያቅታት ትረዳለህ፤ ቤት ቢቃጠል ታጠፋለህ። ግቢው ለእሑድ እጥፍ መክፈል ሲጀምር ግን የግድ የሆነው ነገር ብዛቱ አጃኢብ አሰኘን። ክሬን መንዳት የግድ ሆነ። ብሎን ማጥበቅ ምሕረት ሆነ። ራሱ ሽማግሌ ሩዋሪ የግቢው ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ እሑድ እሑድ በሩ ላይ ቁጭ ይል ጀመር፤ ጥበቃ ደግሞ ሥራ ሳይሆን ትጋት ነው ብሎ፣ ጥቅስም አግኝቶለት። ለሄክተር ግን ጥቅስ አልተገኘለትም። መበየድ መበየድ ነው ተባለ።

ነሐሴ 1975 ደረሰ። መድረኩ የሚወጣው ባሕሩ ጢም ብሎ በሚሞላበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ካመለጠ ሌላ ወር መጠበቅ ሊሆን ነው። የቀረው ደግሞ ጥቂት ብየዳ ነበር፤ ከነዚያም ክፉው በዋናው እግር ላይ ያለው፣ አምስት ቱቦ በአንድ ቦታ የሚገናኝበት፣ የሄክተር ድርሻ። ዓርብ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በያጅ የሆነ ሁሉ እሑድ እንዲገባ፣ የቀረ ሰኞ ዕቃውን ሰብስቦ እንዲሄድ። ሄክተር ከዚያ በፊት ሁለት እሑድ ቀርቶ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ቅዳሜ ሻይ ሰዓት ላይ ከባርኒ ጋር የብረት ክምር ላይ ተቀመጡ።

"ብመጣ ሩዋሪ ዶሊናን አይሰጠኝም፣" አለ ሄክተር። "ባልመጣ ሥራ የለኝም፤ ሥራ ከሌለኝ ደግሞ ጭራሽ አይሰጠኝም።"

"ታዲያ ካቶሊክ ሁና። እኛ ቅዳሜ ማታ አስቀድሰን ስናበቃ እሑድ የራሳችን ናት።"

"አትቀልድ ባርኒ።"

"እሺ ቄሱ፣ አልቀልድም። ማህተምህን ወዲህ በል።"

"ምን ልታደርገው?"

"ነገ አንተን እሆናለሁ። ያንተን ናስ አንሥቼ እገባለሁ፤ ያንን አምስት ራስ ያለው ጋኔን እበይድልሃለሁ፤ ስጨርስ 417 እመታበታለሁ። ጭንብል ካጠለቅን ማን ከማን ይለየናል?"

"ያንተ ቁጥርስ? ቀሪ ትባላለህ እኮ።"

"ማስታወቂያው ለማስፈራሪያ ነው፤ እኔ ደግሞ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ቀን ቀረ ተብሎ የተሰቀለ በያጅ ሰምተሃል? ይጮኹብኝ ይሆናል። ለጩኸቱማ እናቴ አስለምዳኛለች።" ሻዩን ጨልጦ የቆርቆሮ ኩባያውን አራገፈ። "ለሠርግህ ትጠራኛለህ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሄክተር ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። እሑድ ዕለት ከዶሊና ጀርባ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሁለት ሰዓት ተኩል ስብከት ሰማ። ስብከቱ ስለ ሐሰተኛ ምስክር ነበር፤ እግዜር አንዳንዴ እንዲህ ሰው ላይ መቀለድ ይወዳል። በዝማሬው መካከል ነፋሱ የመዶሻ ድምፅ ከግቢው ያመጣል፤ ሄክተር በእያንዳንዱ ምት ትከሻው ይሰበሰባል።

ሰኞ ራጁ ወጣ። ያ አምስት ራስ ያለው ጋኔን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጉድለት አልተገኘበትም። የራጅ ሠራተኞቹ አላመኑምና ደግመው አነሡት፤ ያው ነው። ዋናው ሹም ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "417 የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሄክተርን ወደ ፊት ገፉት፤ በየትኛው ቀን እንደበየደው የጠየቀ ሳይኖር ተጨበጨበለት። ሹሙ ጭብጨባው ሳይበርድ ሌላ ወረቀት አወጣና እሑድ የቀሩ ናቸው ብሎ የተባረሩትን ቁጥር አነበበ። አሥራ አንድ ነበሩ። ሰባተኛው 233።

ባርኒ ሄክተርን አየው። አልለመነውም፣ አልጠቀሰውም፤ ዝም ብሎ አየውና ጠበቀ። ሄክተር አፉን ከፈተ። በሕይወቱ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስፈልገው ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ዶሊና ታየችው፣ ሩዋሪ ታየው፣ ጭብጨባውም ገና ጆሮው ውስጥ ነው። አፉን መልሶ ዘጋው። ባርኒ የምሳ ቆርቆሮውን አንሥቶ በበሩ ወጣ።

ሰው መቼም ለሰው ክፉ አይደለም፤ ሄክተር ቃሉን አከበረና ለሠርጉ ጠራው። ባርኒም መጣ፤ ሾርባውን ጠጣ፣ አክስቶቹን ሁሉ በየተራ አስጨፈራቸው፣ ውስኪውንም አልናቀም። ባርኒን ከዚያ ወዲያ ሌላ ግቢ አልቀጠረውም፤ ወረቀቱ ላይ "በወሳኝ ቀን የቀረ" ተብሎ ተጽፎበታላ። ግላስጎውም አልተመለሰም፤ "እዚያ ሄጄ ደግሞ የማን መሳቂያ ልሁን?" ይላል። የሰው ጣሪያ ቦይ እየጠረገ፣ አጥር እየጠገነ እዚሁ ቀረ። መንደራችንም ደግ ነውና ስም አወጣለት፤ ቀሪው ባርኒ አልነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር "እንደ ባርኒ ልትሆን ነው?" ብለን እንገሥጸው ነበር።

ሄክተርማ ምን ይጎድለዋል? ፎርማን ሆነ፤ የወጣት በያጆች አስተማሪ ሆነ፤ "አንዲት ጉድለት ያልተገኘባት ብየዳ" ተብሎ የብር ሰዓት ተሸለመ። ሩዋሪ ሲሞት በቦታው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማታ ማታ ሁለቱ ጓደኛሞች የባሕሩን ግንብ ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ድንች ያወራሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእነዚህ ዝምታ አርባ ስምንት ዓመት ተቀምጦ አንድ ነቀዝ አልገባበትም።

ከዚያ መድረኩ ተመለሰ።

ነዳጁ አልቆ፣ ብረቱ አርጅቶ፣ ሊቆራረጥ ተጎትቶ መጣና ያው የተሠራበት ወሽመጥ ላይ ተጋደመ። መንደሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ፤ ዝገቱን እያዩ የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ግቢው ሲዘጋ ግን ማንም አላለቀሰም፣ ሁሉም ሲሳደብ ነበር። የመንደሩ የታሪክ ማኅበርም ነቃ። ማኅበሩ ማለት ኢሽቤል የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት፤ ሌሎቹ አባላት ብስኩት ሊበሉ ነው የሚመጡት። ኢሽቤል የድምፅ መቅጃዋን ይዛ ሄክተር ቤት መጣች።

"አቶ ማቲሰን፣ የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ፣" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። "የድሮውን የራጅ መዝገብ አገኘሁት። የእርስዎ 417 ገና ይነበባል። ቆራጮቹም ያንን ብየዳ ከነማህተሙ ቆርጠው ሊሰጡን ተስማምተዋል። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከነስምዎ እንሰቅለዋለን።"

ዶሊና የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ ነበር። መቅዳቷን አላቆመችም።

"ከባድ ነው እኮ፣" አለ ሄክተር። "ግድግዳው ይፈርሳል።"

"መሐንዲስ አይቶታል፤ ይችላል አለ።"

"ሌላ ቁራጭ አይሻልም? እኔ የምለው... ቀለሙ የሚያምር አለ።"

"አቶ ማቲሰን፣ ትሕትናዎ ደስ ይላል።" ኢሽቤል ሳቀች። "አንድ ነገር ብቻ ግር ብሎኛል። የተበየደበት ቀን እሑድ ይላል። እርስዎ ደግሞ እሑድ ሠርተው አያውቁም ይባላል። ስሕተት ይሆን እንዴ?"

እዚህ ላይ ሄክተር የገባበትን ወጥመድ እዩልኝ። ሠርቻለሁ ቢል ሰንበት የሻረ ሽማግሌ ሊባል ነው፤ ሰንበት የሚያስጠብቀው ራሱ ሆኖ። አልሠራሁም ቢል ታዲያ ማን ሠራው ሊባል ነው። "መዝገብ ይሳሳታል" አለና ሻዩን ጠጣ። ሻዩ አቃጠለው፤ ደግ አደረገ።

ያን ሰሞን ማታ ግንቡ ላይ ከባርኒ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ድንች ጀመረ። ባርኒ ግን ወሬው ደርሶታል።

"ሊሰቅሉህ ነው አሉ፣" አለው።

"ብረቱን ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። አንተንማ ማን ይሸከምሃል?" ባርኒ ባሕሩን እያየ ነው። "ንፋሱ ዞሯል። ነገ ሳይዘንብ አይቀርም።"

በዚህ ብቻ አለፈ። ሄክተር ቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። ሲሰድበው ቢያመሽ ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ብረቱ ተጠርጎ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሄክተር የክብር ወንበር ላይ ነው፣ ዶሊና ባርኔጣዋን አድርጋ አጠገቡ። ባርኒ እንደ ልማዱ ከኋላ በሩ ጋ ቆሟል። ኢሽቤል ጨርቁን ሳበችው። አምስት ራስ ያለው ጋኔን ግማሽ ጎኑ ብቅ አለ፤ ብየዳው እንደ ጥሩ ስፌት ተደርድሮ፣ ከጎኑ 417። ከሥሩ የናስ ሰሌዳ፤ "ሄክተር ማቲሰን፣ በያጅ።" ተጨበጨበ። ልክ እንደዚያ ሰኞ።

ሄክተር ተነሣ። አመሰግናለሁ ብሎ የሚቀመጥ ነበር የመሰለን።

"ይህን እኔ አልበየድኩትም፣" አለ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

"እሑድ ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የበየደው በእኔ ማህተም ባርኒ ነው። እኔ እንዳልባረር ብሎ ገባ፣ በእኔ ፈንታ እሱ ተባረረ። ሹሙ ቁጥሩን ሲያነብ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። ያኔም አልተናገርኩም፣ በማግስቱም አልተናገርኩም።" ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ዞረ። "ቀሪው እኔ ነኝ።"

ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "ሰንበትን በሰው ማሻር ኃጢአቱ ለማን ነው የሚጻፈው?" ስትላት ሰማሁ። መንደራችንን ታውቁት የለ፤ ከሰማው ሁሉ ያሳሰበው ይኸው ነው።

ባርኒ በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያለ መጣ። ሄክተርን አላየውም። ብረቱ ጋ ቆሞ አውራ ጣቱን በብየዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው። አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

"እዚህ ጋ ዝናብ መጣብኝ፣" አለ። "በኮቴ ጋርጄ ነው የጨረስኩት።"

ከዚያ ወደ ሄክተር ዞረ። "ራጁ ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። አንተ አርባ ስምንት ዓመት።" ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ብስኩቱን እንኳ ሳይቀምስ።

ዶሊና ቤት ሲደርሱ ባርኔጣዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አባቴ ያውቅ ነበር፣" አለችው። "በሩ ላይ የነበረው እሱ አይደል? ያንተን ናስ ባርኒ ሲያነሣ አይቶታል። ሊሞት ሲል ነገረኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

"አይቻለሁ ካለ፣ እሱም ሰንበት ሥራ ላይ ነበርኩ ብሎ ማመን ሊሆንበት ነዋ።" ማሰሮውን እሳት ላይ ጣደች። "እኔ ደግሞ ያገባሁት ሰው አፉን እስኪከፍት ስጠብቅ ነበር። እስካሁን ገንፎ እያበሰልኩ።"

በማግስቱ እሑድ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደውሎ ሰው ሁሉ ጥቁሩን ለብሶ መንገድ ሲጀምር ሄክተርም ጥቁሩን ለብሶ ወጣ፤ ግን ወደ ላይ አልሄደም። ወደ ባርኒ ቤት ወረደ። ባርኒ የቤቱ ደጃፍ ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ፣ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ፣ ያልተነቀለ የድንች መደብ አለ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለው ባርኒ። "ዛሬ እሑድ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራ አይሠራም።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

ባርኒ ከላይ እስከ ታች አየው፤ የታጠበውን ሸሚዝ፣ የተወለወለውን ጫማ። በአገጩ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መቆፈሪያ አሳየው።

"እንግዲያው ፈረቃህ ነው። ዘግይተሃል።"

ሄክተር ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ጉልበት ወዲያው አይታጠፍም፤ ቢሆንም መቆፈሪያውን አፈሩ ውስጥ ከተተና የመጀመሪያውን የድንች ተክል ገለበጠ። ከመንገዱ ዳር ነው የጀመረው፤ ከቤቱ ጎን መጀመር ይችል ነበር። ምእመናኑ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው አለፉ። አንዳንዱ ዓይኑን አዞረ፤ አንዳንዱ ቆመ፤ አብረውት የሚያገለግሉ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አጥሩ ጋ ቆመው፣ ምናልባት በሰው ተገዶ ይሆን ብለው አዩት። ሄክተር ቀና ብሎ "እንዴት አደራችሁ" አላቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌነት እንደሚያወርዱት ያውቃል፤ አወረዱትም።

ዶሊና ከሁሉም ኋላ መጣች፣ ብቻዋን። አጥሩ ጋ ስትደርስ ዝግ አለች እንጂ አልቆመችም።

"ትንንሾቹንም እንዳትተዋቸው፣" አለችውና አለፈች።

ሄክተር ጎንበስ ብሎ ቆፈረ። መደቡ እኩሌታው ላይ ሲደርስ እጁ ቆሰለ፤ ባርኒ ከደጃፉ ሆኖ ሁሉንም ያያል። መጨረሻው ተክል ጋ ሲደርስ ግን ሁለተኛ ሻይ ቀድቶ መጣና አጥሩ ላይ፣ ከኮቱ አጠገብ፣ አስቀመጠለት።